አሻራ የሌላት ሥራ አስኪያጅ

አብነት ሰፈር ባለው ጓሮዬ ፈሳሽ ሳሙና እየበጠበጥኩ ለሰፈር ሱቆች ሳከፋፍል ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ሆቴል በቋሚነት ልውሰድ አለኝ። ክፍያው ግን በድርጅት ሒሳብ ካልሆነ አይሆንም አሉ። እኔም የባሌን ታላቅ እህት ሸሪክ አድርጌ የግል ማኅበር አቋቋምኩ። እሳቸው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ባሌን ያሳደጉትም እሳቸው ስለሆኑ ሁለታችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው።

መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ሥራ አስኪያጅ ተብዬ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቺን ማዕረግ ካየኋት ወዲህ አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ። ባንክ የምንሄድ ቀን ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ለሠርግ ካልሆነ የማላወጣውን ባለ ተረከዝ ጫማ አደረግኩ። የንግድ ምዝገባውን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩን፣ ሁሉንም በየፕላስቲኩ አደራጀሁ። ለባንኩ ሠራተኞች የሚሆን ሳሙናም በቦርሳዬ ያዝኩ።

እትዬ በነጠላና በሸራ ጫማ መጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ወንድሜን ልትፈቺው ነው ወይስ እንደገና ልታገቢው?» አሉኝ።

ልደታ ፍርድ ቤቱ ጋ ስንደርስ የታክሲው ረዳት «ጠበቃ፣ ወራጅ ነሽ?» አለኝ። ደስ ስላለኝ አላረምኩትም።

ባንክ ቤት ሰነዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ አየችና፣ «ጎበዝ፣ ሁሉም ተሟልቷል። የሁለታችሁ ዲጂታል መታወቂያስ?» አለች።

ያላሰብኩት እሱን ብቻ ነው። የቀበሌ መታወቂያዬን፣ ፓስፖርቴን፣ መንጃ ፈቃዴን፣ ማንም ያልጠየቀኝን የጋብቻ ምስክር ወረቀቴን ሳይቀር ይዣለሁ። ደግነቱ ምዝገባው እዚያው ጥግ ላይ ይካሄድ ነበር።

እትዬ ቀድመው ተቀመጡ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ሲያሳርፉ አረንጓዴ በራ። አለቀ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ቀይ በራ። መዝጋቢው ወጣት «ትንሽ ጫን ያድርጉት» አለ። ጫንኩት፤ ቀይ። በሶፍት ጠረግኩት፤ ቀይ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አሹልኝ፤ ያው ቀይ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሥራ አስኪያጅ።»

«ማለቴ፣ በእጅዎ የሚሠሩት?»

«ሳሙና ነው የምትሠራው» አሉ እትዬ ከኋላዬ። «በባዶ እጇ ነው የምታማስለው። ጓንት አድርጊ ብላት መች ትሰማኛለች!»

ልጁ ጣቶቼን ገልብጦ አያቸው። ለካ ልሙጥ ሆነዋል። ስልኬም ጣቴን እምቢ ካለ ከርሞ ነበር፤ እኔ ግን የተበላሸ ስልክ ሸጥክልኝ ብዬ ከባለ ሱቁ ጋር ተጣልቼ ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ድባቡን ላሻሽል ብዬ ከቦርሳዬ አንዱን ሳሙና አውጥቼ ሰጠሁት። ልጁ ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን አነበበ። እኔው ራሴ ያሳተምኩት ነው፦ «ለእጅዎ ልስላሴ።» ቀና ብሎ ጣቶቼን አየ። ከዚያ ጠርሙሱን በጥንቃቄ፣ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

«ለመኪና ይሆነኛል፤ አመሰግናለሁ» አለ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ልጁ ጨዋ ነው። «አሻራቸው ለማይነበብ ሰዎች እንደ ልዩ ሁኔታ መመዝገብ ይቻላል» አለኝ። እኔ ግን ልዩ ሁኔታ መባሉ ክብሬን ነካው። «እንግዲያው እጅዎን ለተወሰነ ጊዜ ያሳርፉትና ይመለሱ፤ ቫዝሊን ይቀቡት» አለኝ። በባለ ተረከዝ ጫማዬ እያነከስኩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ውሃ መንካት ተከለከልኩ። ሳሙናውን መበጥበጥ የባሌ ዕጣ ሆነ። እኔ ማታ ማታ እጄን ቫዝሊን ተቀብቼ፣ በካልሲ ጠቅልዬ እተኛለሁ፤ ቀን ደግሞ ጓሮ ወንበር አውጥቼ ትእዛዝ እሰጣለሁ።

«ኮስቲክ ሶዳው አነሰ፣ ጨምር!»

«የአሠራር ወረቀቱ ላይ ይኼን ያህል ነው የሚለው» ይላል፣ መለኪያውን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ።

«እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው!»

አልጨመረም። ያንን ሳሙና ራሱ ወስዶ ለሱቆቹ አከፋፈለ። ሳምንት ሳይሞላ ባለ ሱቋ ጎረቤታችን አጥር ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ያሁኑ ሳሙናሽ እንዴት ግሩም ነው! እጅ አይልጥም። ባለሙያ ቀጠርሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ባሌ ከውስጥ እየሰማ ነበር፤ ያን ቀን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። እኔም የሚቀጥለውን ስበጠብጥ በጓንትና በመለኪያ እንደሚሆን ለራሴ ማልኩ።

ወደ ባንኩ ስንመለስ ሱፉን ትቼ በሹራብና በነጠላ ጫማ ሄድኩ። አውራ ጣቴ ትንሽ አስቸገረ እንጂ ሁሉም አረንጓዴ በራ። ሳላስበው እልል ብዬ ኖሮ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ አዛውንት «ብድር ፈቀዱላት መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ።

የመታወቂያ ቁጥሬ እንደመጣልኝ ሒሳቡ ተከፈተ። ሠራተኛዋ «ሥራ አስኪያጇ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ብላ ወረቀቱን ለእትዬ ገፋ አደረገችላቸው። እትዬ ወደ እኔ መለሱትና፣ «እሷ ናት አለቃዬ» አሏት። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው፣ «ያለ እኔ ፊርማ ግን ብሯን ንክች አታደርጊያትም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። አሁን ኮስቲክ መግዣ ስፈልግ ቼኩን ይዤ ተክለ ሃይማኖት እሄዳለሁ፤ እትዬ ለደንበኞቻቸው ጨርቅ ለክተው እስኪጨርሱ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ።