ሠሪው ያልታወቀ አውቶብስ

እትዬ በለጠች መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠሩ አንድም ማህደር ጠፍቶባቸው አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሳቸው አይደለም፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በእኛ ቢሮ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጠፋው የእኔ ትዕግሥት ነው። ህይወት እባላለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስተይብ ኖሬአለሁ። አንድ ወረቀት ስጠይቃቸው መጀመሪያ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ ቀጥሎ የማህደሩን ቁጥር ይጠይቁኛል፣ ከዚያ አስፈርመው ይሰጡኛል። ወረቀቱ የራሴ የዓመት ፈቃድ ቢሆንም ያው ነው።

ቤታቸው ሲሄዱ ግን ሌላ ሴት ናቸው። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የልጆች መጫወቻ ነው። የእሾህ ቀንድ ያላቸው የጭቃ በሬዎች፣ ከበቆሎ አገዳ የተሠራ ሞፈርና ቀንበር፣ የጨርቅ አሻንጉሊቶች፣ የሽቦ መኪናዎች። ሁሉም ቁጥር አላቸው፤ የት እንደተገኙና መቼ እንደተገኙ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፎባቸዋል። ሰፈሩ "ስላልወለደች ነው" ይላል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወንድ ቴምብር ሲሰበስብ የተማረ ሰው ነው ይባላል፤ ሴት የቆርቆሮ መኪና ስትሰበስብ ግን የማህፀኗ ነገር ይነሣል።

የመጀመሪያዋ መጫወቻ በ1993 ዓ.ም. ለሥራ ማንኩሳ ሄደው ያገኟት አውቶብስ ናት። ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራች፣ ጎማዋ ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ፣ በእያንዳንዱ ጎኗ አምስት አምስት መስኮት ያላት። አንድ ልጅ በገመድ እየጎተተ መንገድ ዳር ሲሮጥ አይተው አስቆሙት። በነጻ አልወሰዱበትም፤ በቦርሳቸው የነበሩትን ሁለት እስክርቢቶዎች ሰጥተውት ነው የወሰዷት። ከዚያ ወዲህም ደንባቸው ይኸው ሆነ፤ ለመጫወቻ እስክርቢቶ። ለገጠር ሥራ በወጡ ቁጥር ቦርሳቸው በእስክርቢቶ ይሞላል።

ተቋርጦ የነበረው የሞባይል ዳታ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ የመጫወቻ ሰብሳቢዎች መድረክ አገኘሁና አሳየኋቸው። አንዱ ከአዲስ አበባ የድሮ ባቡሩን ይለጥፋል፣ ሌላው ከሐዋሳ አባቱ ያቆዩለትን የብረት መኪና ያሳያል፣ ሌሎቹ ሥር ሥሩን ይከራከራሉ። እትዬ በለጠች ስልኬን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩ።

"እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው?"

"አዎ።"

"ሥራ ያላቸው?"

"ሥራም ትዳርም ያላቸው።"

ስልኬን መለሱልኝ። "አንች ህይወት፣ በሐምሌ ጡረታ እወጣለሁ" አሉኝ። "ከዚያ በኋላ ማንን አናግራለሁ ብየ ሳስብ ነው የከረምሁ። እስቲ አስገቢኝ።"

መድረኩ ሕግ አለው። አዲስ ሰው ለአንድ ወር ከስሙ አጠገብ "እንግዳ" ተብሎ ይጻፍበታል። በዚያ ወር ቢያንስ አንድ መጫወቻ ፎቶውን፣ ቦታውን፣ ዘመኑንና ሠሪውን አሟልቶ ካላስመዘገበ ይሰናበታል። የሐሰት የሠሪ ስም የጻፈ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ይባረራል፤ ተመሳስለው የተሠሩ ዕቃዎች የሚሸጡ አጭበርባሪዎች አስቸግረዋቸው ነው አሉ።

በራሳቸው ስልክ አስገባኋቸውና "እትዬ፣ አሁን ራስዎን ያስተዋውቁ" አልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማን እንደምናገር ረሳሁ። በማግስቱ ለሚኒስትር የሚጻፍ የሚመስል ደብዳቤ ይዘው መጡ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ "ጉዳዩ፦ በአባልነት መመዝገብን ይመለከታል" የሚል ከሥሩ የተሰመረበት ርዕስ አለው። መጨረሻ ላይ ፊርማና "ግልባጭ፦ ለማህደር"። ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። እየሳቅኩ ነበር፤ መድረኩም እንደ እኔው ሳቀ። እሳቸው ሳቁን አላዩትም፤ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ቆልፈውበታል።

ሁለት ሳምንት አለፈ። "እትዬ፣ ምን ለጠፉ?" አልኳቸው።

"ምኑን እለጥፋለሁ? መልሱ መች መጣ?"

"የምን መልስ?"

"የማመልከቻየ ነዋ! ሳይፈቀድልኝ ሰው ቤት ዘው ልበል?"

ግንባሬን መታሁ። "መልስ የሚባል ነገር የለም! ከገቡ እኮ ሁለት ሳምንትዎ ነው!"

"ማን ፈርሞ?" አሉኝ፣ ከልባቸው።

እሳቸውን ለማሳመን ገና ሌላ አሥር ቀን ፈጀብን። በመጨረሻ አውቶብሷን ለጠፉ። መድረኩን የሚመራው ናሁሰናይ የሚባል ሰው ወዲያው መለሰ፤ "ድንቅ ሥራ ነው! ሠሪው ማን ነው?" እሳቸው "አንድ ልጅ" ብለው ጻፉ። አንዱ ቀልደኛ ተነሣና "አንድ ልጅ የሚባለው ፋብሪካ የት አገር ነው?" አለ። የሳቅ ምልክቱ ዘነበ። ናሁሰናይ ግን በትሕትና፣ ስም ከሌለ መመዝገብ እንደማይቻልና አምስት ቀን እንደቀራቸው ጻፈላቸው።

እኔ ተናድጄ ስልኩን ነጥቄ ስድብ መጻፍ ጀመርኩ። ከእጄ ወሰዱብኝ።

"እውነቱን ነው እኮ" አሉ። "ሃምሳ ሰባት መጫወቻ አለኝ። ቦታው ተጽፏል፣ ዘመኑ ተጽፏል። የሠራውን ልጅ ስም የአንዱንም አልጠየቅሁ። ለቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ማህደር ስከፍት ኖሬ ለእነዚያ ልጆች አንድ መስመር ነፈግኋቸው።" ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስድስት ዓመት አብሬአቸው ስቀመጥ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ቅዳሜ መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሚኒባስ ተሳፍረን ማንኩሳ ወረድን። ረዳቱ አውቶብሷ ያለችበትን ካርቶን ጣሪያው ላይ ልጫነው ቢል አልሰጡትም፤ አውቶብሷ በጉልበታቸው ላይ ተቀምጣ ሄደች። ያኔ ልጁን ያስቆሙበት ቦታ አሁን ወፍጮ ቤት ቆሞበታል። ባለቤቱ ክንዱ የሚባል፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። ካርቶኑን ከፍተን ብናሳየው ጮኸ።

"ይችማ የኛ ናት! ሁለት እስክርቢቶ የሰጡን እርስዎ ነዎት?" ትከሻቸውን እየሳመ ዱቄት በዱቄት አደረጋቸው።

"የሠራሃት አንተ ነህ? ሙሉ ስምህን ማን ልበል?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ክንዱ ያለው።"

የሠሪውን ስም ጽፈን እዚያው ቆመን ላክን። ብዙም ሳይቆይ ናሁሰናይ "ተመዝግቧል፤ እንኳን ደህና መጡ" አለ፤ ከስማቸው አጠገብ "እንግዳ" የምትለዋ ጠፋች። እትዬ በለጠች ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝ። ደስታቸው እኔንም አስዘለለኝ።

ክንዱ ለስላሳ ከፈተልን። እሳቸው ደብተራቸውን አውጥተው ጥያቄ ቀጠሉ። "መስኮቶቹን በምን ቆረጥሃቸው?"

"በ... በቢላዋ ይሆናል።"

"ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ እጅ እንዳይቆርጥ ነው?"

ክንዱ ማጅራቱን አከከ። "ረሳሁት እትየ።"

አልተጫኑትም። እኔ ፈርሜ እስክጨርስ እንደሚጠብቁኝ ሁሉ እስክርቢቶአቸውን ይዘው ዝም ብለው ጠበቁት። ዝምታቸውን አልቻለውም።

"እኔ አልሠራኋትም" አለ ወደ መሬት እያየ። "እህቴ አልጣሽ ናት የሠራቻት። ሴት ልጅ ቆርቆሮ ስትቀጠቅጥ አባታችን አይወዱም ነበር። እሷ ትሠራለች፣ እኔ የኔ ነው እያልሁ እጎትታለሁ። እስክርቢቶዎቹንም ሁለቱንም እኔ ጨረስኋቸው፤ እሷ ትምህርት ቤት አልገባች። ዛሬም ሲጠይቁኝ አፌ እንደለመደው ተናገረ።"

እኔ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "ይተዉት እትዬ፤ ማን ያጣራል? ካረሙት እኮ ያባርሩዎታል" አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን የታየኝ ከሐምሌ በኋላ ብቻቸውን የሚቀመጡበት ቤት ነው።

"እኔ በያዝሁት መዝገብ የተሳሳተ ስም አያድርም" አሉ። አባል ከሆኑ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም። እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ቀደም ብዬ የሰጠሁት የሠሪ ስም ስህተት ነው። የሠራችው እህቱ አልጣሽ ያለው ናት። ሳላጣራ መጻፌ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሕጉን አውቃለሁ።" ላኩት። ወዲያው ኔትወርኩ ጠፋ።

አልጣሽ ባላገር ናት፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ግን በርበሬ ይዛ ወጥታ ነበር። ክንዱ ከኋላችን እየተጎተተ ወሰደን። ሠላሳ ስድስት ሰባት የሚሆናት፣ ጠይም፣ ከማዳበሪያ ከረጢቷ ኋላ የተቀመጠች ሴት ናት። አውቶብሷን ስናሳያት ከየት መጣች፣ ምን ፈልጋችሁ ነው አላለችም። ተቀበለችን፣ ገለበጠቻት፣ በሯን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገች።

"የሚከፈት ላደርገው ነበር" አለች። "ሽቦ አለቀብኝ።"

"ነገርኋቸው አልጣሽ" አለ ክንዱ። ቀና ብላ አየችውና ወደ አውቶብሷ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። "እትዬ በለጠች፣ ሕጉን ያወጣነው ለሚዋሽ ሰው ነው እንጂ ለሚያርም አይደለም። የሠሪዋ ስም ተስተካክሏል፤ እርስዎም ከእኛ ጋር ነዎት።" ከሥሩ ያ ቀልደኛ ተከትሎ ጽፏል፤ "ስላቄን ይቅር ይበሉኝ። አልጣሽ ሌላ ትሠራ ይሆን?"

እትዬ በለጠች የበርበሬው ከረጢት ጫፍ ላይ ዘፍ ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አልጣሽ ግን ወደ ስልኩ አንገቷን አሰገገች።

"የኔ ስም የቱ ነው?"

እትዬ በለጠች በጥፍራቸው አሳዩአት። በበርበሬ የቀላ ጣቷን በቀሚሷ አጥብቃ ጠርጋ፣ ፊደሎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነካቻቸው።

"ይኸ ሁሉ እኔ ነኝ?"

"አንች ነሽ፤ ከነአባትሽ።"

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ክንዱ፣ ወፍጮ ቤት ቆርቆሮ አለህ?"

"አለ! ላምጣልሽ?"

"ስሱን አምጣ" አለችው። "ወፍራሙ አይታጠፍልኝም።"