ቻይናዊው ሐኪም መርፌ ከማንሳቱ በፊት

አሁን የአባዬን የስኳር መርፌ በየጠዋቱ የምወጋው እኔ ነኝ። ያቺን አጭር መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ልጅ እያለሁ ካዛንቺስ ያየኋቸው ቀጫጭን መርፌዎች ድቅን ይሉብኛል።

አባዬ ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ቀን ለገሃር ሲሰፋ ይውልና፣ ንጋት ላይ በሰፈራችን መስጊድ አዛን የሚያሰማው እሱ ነበር። ድምፁ! ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በእሱ ድምፅ ነቅተው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት። «የእኔ ሰዓት እኮ ጋሽ ሰይድ ናቸው» ይሉ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት አባዬ ፊቱ ተጣሞ ተነሳ። ግራ ዓይኑ አልከደን አለ፤ ሻይ ሲጠጣ በአፉ ጥግ እየፈሰሰ ደረቱን ያርሰዋል። ሰፈሩ «ንፋስ መትቶት ነው» አለ። ሕመሙንስ ችሎት ነበር፤ ያልቻለው አዛኑን ነው። ከንፈሩ አልገጥም ስላለ «ሙሐመድ» ሲል ሚሟ፣ የ«ም» ድምፅ፣ ታፈተልክበታለች። ሞክሮ ሞክሮ፣ «የነቢዩን ስም አጣምሜ ከምጠራ ዝም ብል ይሻለኛል» አለና ለሌላ ሰው አስረከበ። ከዚያ ወዲያ አዛን በተሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። እማዬ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ሐኪም ቤት ክኒን ሰጥተው «ታገስ» አሉት። ካዛንቺስ በመርፌ የሚያክም ቻይና አለ የሚለውን ወሬ ያመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። አባዬ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። «ዕድሜ ልኬን ከመርፌ ጋር ኖሬ መርፌ አልፈራም፤ የምፈራው የያዛትን ሰው ነው» አለ። እማዬ ደግሞ ሰውየው ከመውጋቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚቆም ሰምታ ኖሮ፣ «ጂን ቢጠራስ?» ብላ ድርቅ አለች። የሆነ ነገር ተደግሞበት ከመጣ፣ አፉ ቢቃናም አባዬ በዚያ አፍ አዛን እንደማይል ታውቃለች። በመጨረሻ አብሬው እንድሄድ ላከችኝ። «የሰውየውን ከንፈር እዪልኝ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «ከተንቀሳቀሰ አባትሽን ጎትተሽ ውጪ።»

ክሊኒኩ የተቃጠለ ሣር የመሰለ ነገር ይሸታል። ሐኪሙ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነበር። ጣቶቹን የአባዬ እጅ አንጓ ላይ አሳርፎ የልቡን ምት ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ከንፈሩ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ዝም። ንቅንቅ አላለም። ታዲያ በልቡ ቢሆንስ የሚደግመው? ይሄን እማዬ አልነገረችኝም! ፈራሁና ጮክ ብዬ፣ «ምን እየደገመ ነው?» አልኩ።

አባዬ «ዝም በይ አንቺ!» አለኝ። የምታስተረጉምለት ሲስተር ግን እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና እንደ ትልቅ ሰው መለሰልኝ። «ማንንም አልጠራም» አለ። «በእኛ ሕክምና የሰው መንፈስ ማደሪያው ልብ ነው፤ የታመመ ሰው መንፈሱ ተበትኖ ይመጣል፤ የእኔም ልብ ከተበተነ መርፌው የሚያገኘው ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልቤን ሰብስቤ አባትሽ ላይ አደርጋለሁ። አስተማሪዬ ይህን ሳላደርግ መርፌ አያስነካኝም ነበር» አለ።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ኒያ ነው» አለ አባዬ። «እኛም ልባችን ሳይነይት፣ ለሶላቱ አስቦ ሳይቆርጥ፣ አንሰግድም። ንገሪልኝ፣ ይውጋኝ።» ቢስሚላህ ብሎ ተጋደመ። መርፌዎቹ ጉንጩ ላይ ሲቆሙ እኔ አለቀስኩ። ቤት ስንገባ እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። «አልተንቀሳቀሰም» አልኳት፤ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

እየተመላለስን ክረምቱ ወጣ፤ ሚሟም ተመለሰች። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል ያሉን ነበሩ። ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። አባዬ «ያሻረኝ አላህ ነው፤ በማን እጅ እንደሆነ ግን አልረሳም» ይላል። አዛን በጀመረባት ንጋት እትዬ አስካለ ከአጥራቸው ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማይክሮፎኑ ቋ ካለ በኋላ አንዲት ዝምታ ነበረች፤ እሱ የሚጀምረው ከእሷ ወዲያ ነው።

ዛሬ ያ ካዛንቺስ የለም፤ የእኛም ሰፈር ፈርሷል። ክሊኒኩ የነበረበት ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ አልዋሽም፣ ያምራል። ሐኪሙ አገሩ ገባ ሲባል ሰማን፤ እትዬ አስካለም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። አዛን ከሩቅ ይሰማናል፤ ማን እንደሚለው ግን አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ወትፌ፣ ከአለቃዬ ጋር እየተጨቃጨቅሁ መርፌውን ይዤ ቀረብኩ። አባዬ የገለጠውን ሸሚዝ መልሶ ሆዱን ሸፈነ። «ምነው አባዬ? ረፈደብኝ እኮ!» ስልኬን እያየ ጠበቀኝ። ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፤ አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከንፈሬን እያየ ነበር።

«ነየትሽ?» አለኝ።

«ነየትኩ አባዬ።»

ሸሚዙን ገለጠልኝ።