ከስፌቱ በኋላ አሥር ጠረጴዛ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል፤ ሜትር የሚባል ነገር በእጁ ስለማይነካ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአናጢነት ሲኖር የጠረጴዛ ከፍታ የሚለካው በሱሪው ነው። የመጀመሪያውን እግር ጭኑ አጠገብ ያቆምና የጎን ኪሱ የታችኛው ስፌት የደረሰበት ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። የቀሩት በእሱ ልክ ይቆረጣሉ። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆዱን ቆረጠው። «ነፋስ ነው፣ ይለቀኛል» አለ። እኩለ ቀን ላይ ወለሉ ላይ ተጣጥፎ ሳገኘው ነፋስ ይሁን አውሎ ነፋስ አልጠየቅኩትም፤ ታክሲ ጠራሁ። ሐኪሙ «አንጀቱ ታጥፏል፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት» አለኝ። ፈረምኩ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከእምብርቱ በላይ ጀምሮ እስከ ታች የተሰፋ ባል አስረከቡኝ፤ «ለሦስት ወር ከውኃ ጆግ የከበደ ነገር እንዳያነሣ» ከሚል ትእዛዝ ጋር።

ባሌ ሳያነሣ እንዴት እንኑር? ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴትዮ አሥር ጠረጴዛ አዝዛ ቀብድ ከፍላን ነበር። የቀብዱ ግማሽ እንጨት ሆኗል፣ ግማሹ ከእህቱ ብድር ጋር ሆስፒታል ገብቷል። በሁለት ወር ካላስረከብን ገንዘቧን መመለስ አለብን፤ ያለን የሚሸጥ ነገር ደግሞ መላጊያውና መጋዞቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ከተሸጡ ሰውየው ቢድንም አናጢው አይድንም።

«እኔ እቆርጣለሁ፤ አንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ አዘኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ!»

«እርጉዟም ጥላህ እንዳትሄድ አፍህን ሰብሰብ አድርግ።»

ሲስቅ ስፌቱን ስለሚያመው ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ ሳቀ።

መጋዝ ለካ በጉልበት አይደለም። «አትግፊው፣ ራሱ ይሂድ» ይለኛል ከወንበሩ ሆኖ። በመጀመሪያው ቀን መዳፌ ውኃ ቋጠረ። በሦስተኛው ሳምንት ግን መጋዙ ሲጣመም ከድምፁ መለየት ጀመርኩ። እሱም በበኩሉ ከወንበሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ መራመድ ጀመረ፤ እየተመለሰም ስንት እርምጃ እንደሄደ ሹመት ያገኘ ይመስል ይነግረኛል። የመጀመሪያውን እግር እንደ ልማዱ ራሱ ቆሞ ለካው።

አርባው እግር ተቆርጦ ሲያልቅ «ትንሽ አላጠረም?» ብዬው ነበር።

«ጠረጴዛ ስሠራ የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ያኔ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሦስቱን እንደገጠምን ሴትዮዋ ሥራውን ልታይ መጣች። ወንበር ስባ ስትቀመጥ ጉልበቷ ጠረጴዛውን ከሥር ገጨው። ተነሥታ እንደገና ሞከረች፤ እንደገና ገጨው።

«ጋሼ፣ ደንበኞቼ ተንበርክከው ነው እንዴ የሚበሉት?»

እሱ መጀመሪያ ወንበሩን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ወለሉን። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሱሪው ወረደና እዚያው ቀረ። ቀበቶው ቁስሉን እንዳይነካው ብሎ ከሆዱ በታች ነበር የሚታጠቀው፤ ክሳቱም ተጨምሮበት ሱሪው አራት ጣት ያህል ወርዷል። ኪሱም አብሮ ወርዷል። አርባውም እግር አራት አራት ጣት አጥሮ ተቆርጧል።

ባሌን ስለማውቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «አሁን ፋሽኑ እንዲህ ነው» ቢላት አይገርመኝም ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን አሳያት።

«እህቴ፣ ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው የከረምኩት። የምትቆርጠው ሚስቴ ናት፤ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ። ቀብዴን አምጣ ካልሽ መሣሪያዬን ሸጬ እመልስልሻለሁ። አሥር ቀን ከጨመርሽልኝ ደግሞ ጠረጴዛሽን ትወስጃለሽ።»

ስፌቱን አየች፤ የእኔን መዳፍም አየች። «አሥር ቀን። በአሥራ አንደኛው ግን ሆድዎንም አላይልዎት!» ብላ ወጣች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አልኩት ሱሪውን እያየሁ፤ ሄጄም ከጎረቤት ሜትር ተውሼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንሥቶ የእግሮቹን ጉድለት ለካበት።

አዲስ እንጨት መግዣ አልነበረንም። እሱ ግን ከታመመ ወዲህ ባዶውን የቆመውን የጣውላ መደርደሪያ አተኩሮ ያያል። ድንገት ፊቱ በራ። «አፍርሺው» አለኝ። ከቋሚዎቹ ሃያ አግዳሚ አወጣን፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት እግር ከሥር አያይዞ የሚቆም፣ ከፍታውም በትክክል የጎደለንን ያህል የሆነ። በኮላና በእንጨት ሚስማር አያያዝናቸው። ማዕዘኑን እንዴት እንደምሞርድ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን በየት በኩል እንደምጎትት አሳየኝ። በስምንተኛው ቀን አንዱ ላይ ወጥቼ ቆምኩበት፤ ንቅንቅ አላለም።

በዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛዎቹ በመኪና ሄዱ፤ እሱ በእግሩ ደረሰ። ሴትዮዋ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ በሁለት እጇ ገፋች። «ካዘዝኩት ይሻላል» ብላ ቀሪውን እዚያው ከፈለችን።

ቤት ስንገባ ገንዘቡን ሦስት ቦታ ከፈለው። አንዱን ለሆስፒታል ላበደረችን እህቱ ለየ፤ ሁለተኛውን «ለቤትና ለእንጨት» አለ። ሦስተኛውን ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄስ የምን ነው?»

«የአናጢዋ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ለዘይት፣ ለሳሙና እያለ ሲሰጠኝ ኖሯል። የእጄ ዋጋ ብሎ የሰጠኝ ያን ዕለት ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቡት ያላለቀስኩ ሴትዮ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«አነሰ እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።