የሚዜው ፎቶ

ዘርፈሽ ነቀምቴ ውስጥ አይጥ ትቀልባለች። አትሳቁ፤ ደሞዝ ያለው ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለምርምር የሚያረባቸውን ነጫጭ አይጦች ስታበላ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ ባሏን ኢዶሳን ታበላለች። የአጎቱ ልጅ ጋሩማ፣ ሲሬ ገጠር ውስጥ፣ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ አናቱን በዱላ ካለው ወዲህ፣ ለኢዶሳ የትናንቱም የድሮውም ነገር ዛሬ አይገኝለትም። ዘርፈሽ በዓይኗ አይታ ነበር፤ የሚስት ቃል ማን ይሰማል ተባለች። ጋሩማም ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

እሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢዶሳ በገዛ አፉ፣ ሰው ፊት፣ "የመታኸኝ አንተ ነህ" እንዲለው።

ተመራማሪዋ ሶረቲ አይጦቹን አደንዝዛ ጭንቅላታቸውን ትጎዳና ለግማሾቹ ወዲያው መድኃኒት ትወጋቸዋለች። ገንዳ ውስጥ ሲለቀቁ፣ መድኃኒት ያገኙት ከውሃው ሥር የተደበቀችውን መቆሚያ አስታውሰው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ያላገኙት ዳር ዳሩን ሲዞሩ ይደክማሉ። ዘርፈሽ ለባሌ ስጪኝ ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። ሶረቲ አንስታት አስረዳቻት፤ መድኃኒቱ ሰው ላይ ገና አልተሞከረም፣ ደግሞም ከጉዳት ያስጥላል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ዘርፈሽ ግን ሌላም ነገር አይታለች። መድኃኒት ያላገኙትም ቢሆኑ፣ በየቀኑ ሲደጋገምባቸው አንዳንዶቹ ይማራሉ። እናም በየማለዳው፣ ቁርስ ሳትሰጠው፣ ኢዶሳን ፎቶ ታሳየው ጀመር። ከሠርጋቸው ፎቶ ላይ የቆረጠችው ነው፤ ያ ጉደኛ ጋሩማ ሚዜያቸው ነበር። ጠላትህ ይሄ ነው፣ ድገመው፣ ትለዋለች። ቢያለቅስም አትተወውም። ጎረቤት ኧረ በቃሽ ቢላት ማንን ልትሰማ!

በኋላ ጋሩማ፣ ኢዶሳ ምንም አያስታውስም ሲሉት ልቡ ደፈረና፣ መታሁ ሳይል ለመታረቅ ጃርሳዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ዘርፈሽ ለባሏ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው። ዛሬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል አለች በሆዷ።

ኢዶሳ ጋሩማን ሲያይ ፊቱ በራ። በየማለዳው የሚያየውን ፊት እንዴት ይርሳው? "አካም፣ ኦቦሌሳ!" ብሎ፣ ወንድሜ እንዴት ነህ እያለ፣ አቅፎ ሳመው። ከዚያ በጣቱ ወደ ዘርፈሽ እያመለከተ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይቺን ሴት ታውቃታለህ? ጠዋት ጠዋት ትቆጣኛለች። ወንድሜ፣ ከዚህ ውሰደኝ።"

ጃርሳዎቹ ተበዳዩ ይቅር አለ ብለው መረቁ። ዘርፈሽን ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አሜን አላለችም።