ያልተሰፋው እጅ

አክስቴ እንቁራሪት ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ነበረች። ስለዚህ የምትሠራበት የምርምር ተቋም ከቢሮ ጽዳት ወደ እንስሳት ክፍል ሲያዛውራት ቤታችን ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባሏ፣ «በቃ፣ ከእንግዲህ ደሞዝሽን ወንበር ላይ ቆመሽ ነው የምትቀበዪው» አላት። እሷ ግን ኮስተር ብላ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ያንን ሙልጭልጭ ያለ ፍጥረት በባዶ መዳፏ ማንሳት ጀመረች። አክስቴ እንደዚያ ናት፤ ስትፈራም ስትወድም ልክ አታውቅም።

እንስሳቱ ሳላማንደር ይባላሉ። እሷ «የውሃ እንሽላሊት» ስትል የክፍሉ ተመራማሪ ታርማታለች፣ በማግስቱ ደግሞ ያው እንሽላሊት ይሆናሉ። ከመዳፍ ብዙ የማይበልጡ፣ ቆዳቸው ፈዛዛ ሮዝ፣ አፋቸው ሁልጊዜ የሚስቅ የሚመስል ናቸው። የአክስቴ ሥራ ውሃ መቀየር ነበር። ከየመስታወት ገንዳው ያደረውን ውሃ በባልዲ ቀድታ ትደፋለች፣ ንጹሁን ትሞላለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች። ባልደረቦቿ «የውሃ እናት» ይሏት ነበር፤ ስሙን ወዳዋለች።

ቤት ስትመጣ ወሬዋ ሁሉ እነሱ ናቸው። ተመራማሪዋ፣ ሁላችንም «ዶክተሯ» የምንላት፣ የአንዷን የፊት እግር አደንዝዛ ትቆርጣለች። ቁስሉን በቶሎ ስስ ልባስ ይሸፍነዋል። ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ድሮ አጥንት ይሁኑ ጡንቻ ረስተው እንደ አዲስ ይሰበሰባሉ፣ ትንሽ እምቡጥ ብቅ ትላለች። እምቡጧ ትረዝማለች፣ ጫፏ ጠፍጠፍ ይላል፣ ጣት ታወጣለች። ጠባሳ የለ፣ ምን የለ። ዶክተሯ የምትፈልገው የሰው አካል ይህን ለምን እንደማይችል ማወቅ ነው፤ የእኛ ቁስል ለመዳን ስለሚቸኩል ጠባሳ ሠርቶ ይዘጋል አሉ፣ እነሱ ግን አይቸኩሉም። አክስቴ ከሁሉ ለምትወዳት እንስሳ ራሷ ስም አወጣችላት። ያጣችውን ስለምትተካ ምትኬ አለቻት።

ባሏ አናጢ ነው። በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፣ «ሚሊ» ነው የሚባለው፤ ሌላ ሰው ተጠናቀቀ ያለውን ቁም ሣጥን አይቶ «ሁለት ሚሊ ይቀረዋል» ስለሚል። ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ በፊት ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ «ይቺን ታህላለች» ይላል። ከዚያ ይለካል፣ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ዞር ብሎ ያየናል። አመሉ ተጋብቶብን ስለ ዳቦም ስለ ዝናብም በሁለት እጃችን እየለካን ነበር የምናወራው። እኔ እናቴ ከሞተች ወዲህ እነሱ ዘንድ ነው ያደግሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ናት። ከዚያ ሆኜ በየምሽቱ ሚሊ «ዛሬስ ምን አሉ?» ሲላት፣ እሷም ስትዘረግፍለት እሰማለሁ።

ክብ መጋዙ የሚሊን ቀኝ እጅ የያዘው ከአሮጌ ጣውላ ውስጥ ተደብቆ በቀረ ሚስማር የተነሳ ነው። ጣውላው ተወርውሮ እጁን ወደ ምላጩ ገፋው። አራት ጣቱና የመዳፉ እኩሌታ ሄደ፣ አውራ ጣቱ ተረፈ። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ በፋሻ ከጠቀለለው በኋላ እንዲህ አለው፦ «ቁስሉ ቆሻሻ ስለነበረበት ለጊዜው ክፍት ትቼዋለሁ። በቀጠሮው ቀን ይምጡ፤ ንጹህ ከሆነ ቆዳ አልብሰን እንሰፋዋለን። አውራ ጣትዎ አለ። ከዳነ እርሳስም መዶሻም መያዝ ይለምዳል። ብቻ እንዳይቀሩ።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አውራ ጣቱ አለ፤ በእሱ ሥራውን ሊይዝ ይችላል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አክስቴ ሥራ በተመለሰች ቀን የእንስሳቱን ክፍል ሊያዩ እንግዶች መጥተው ነበር። ማታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሀል ቆመች።

«አትሰፋም!» አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ሚሊ።

«ዶክተሯ ለእንግዶቹ ስታስረዳ ሰማኋት። ቁስሉ ቆዳ ለብሶ ከተሰፋ እምቡጥ አያወጣም። ምትኬን ሰፍተዋት ቢሆን ኖሮ ጉቶ ሆና ትቀር ነበር። ትንንሽ ልጆችም የጣታቸው ጫፍ ሲቆረጥ፣ ሳይሰፋ ከተተወ መልሶ ያድጋል አለች። ልጆች እኮ ነው የምልህ፣ የሰው ልጆች!»

ሚሊ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ነገር ሲበላሽ እያየሁ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «አክስቴ፣ የሕፃን ጣት ጫፍና የጋሼ መዳፍ አንድ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ የምታውቂው ጨርቅ ነው» አለችኝ።

«ጨርቅም ሳይሰፋ ሲቀር ይተረተራል!»

ተቆጣችኝ። ሚሊ ግን ሁለታችንንም አልሰማንም፤ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አገላብጦ ያይ ነበር። «እስቲ ትንሽ እንየው» አለ። «መስፋቱ የትም አይሄድም።»

የቀጠሮው ቀን አለፈ። አክስቴ ብቻዋን ሄዳ አሞታል ብላ ሌላ ቀን አስቀጠረች፤ እሱም አለፈ። ሚሊ ፋሻውን እየፈታ ቁስሉን አየር ማስመታት ጀመረ። ከዚያ ምትኬ ውሃ ውስጥ አይደል የምትኖረው ብሎ የገንዳውን ውሃ በጠርሙስ አምጪልኝ አላት። «እሱንስ አላደርገውም» ብላ እምቢ አለች፤ ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ሳፋ ውስጥ ጨው ነስንሶ እጁን ይዘፈዝፍ ነበር። አንጓው ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረ። ጠዋት ጠዋት ሜትሩን በግራ እጁ ይዞ፣ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ከመስመሩ እስከ ቁስሉ ዳር ይለካል።

አንድ ቀን ጮኸ። «ሁለት ሚሊ! ሁለት ሚሊ ጨመረ!»

አክስቴ የያዘችውን ጥላ ሮጠች፣ አቅፋው አለቀሰች። እኔም ተነስቼ አየሁት። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ዙሪያው ቀልቷል። 

«ጋሼ፣ ይሄ አብጦ እንጂ አድጎ አይደለም።»

«ሜትር ይዋሻል?» አለኝ።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ትለዋለህ? ዕድሜውን ሙሉ የሜትርን ቃል ሲያምን የኖረ ነው። በማግስቱ ሦስት ሚሊ አለ። ከዚያም አራት። ፊቱ በደስታ ይሁን በትኩሳት አልለይ አለኝ፣ ብቻ ቀልቶ ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «አሁን ቢያዩት ይሰፉታል» ይለኛል፤ አክስቴም «ትንሽ ታገሺ፣ ምትኬም መጀመሪያ ላይ እንዲህ አብጣ ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የምትኬ ግን እምቡጥ ነበር።

ጥርሱ ሲንገጫገጭ ነው ሁለታችንም የደነገጥነው። ከእጁ የሚወጣው ሽታ ሳሎኑን ሞልቶት ነበር፤ ቀይ መስመርም ከአንጓው ተነስቶ ክንዱን ይዞ ወደ ብብቱ ይወጣል። ታክሲ ጠርቼ እኔና አክስቴ ደግፈን አስገባነው። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ቀዩን መስመር እስከ ብብቱ ድረስ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ «ለምንድን ነው ያልመጡት?» አለው።

«እያደገ ነበር» አለ ሚሊ። ጉንጩ ተቃጥሎ፣ ዓይኑ ተንከራትቶ፣ እንደዚያ አለ።

ሐኪሙ ወደ እኛ ዞረ። «ማነው እንዲህ ያላቸው?»

አክስቴ ወለሉን አየች። እኔም ዝም አልኩ፤ ምን በወጣኝ ብዬ ሳይሆን አንጀቴን ስለበላችው ነው። ሕይወቱን ለማትረፍ ከክርኑ በላይ ቆረጡት። እርሳስ ሊይዝ የነበረው አውራ ጣት አብሮ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሚሊ መስኮቱ ዘንድ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን፣ መቀመጥ ብቻ ሆነ ሥራው። ባዶ የቀረውን የሸሚዙን እጅጌ አጥፌ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ስፌቱን አይቶ «ቀጥ ብሏል» አለኝ። «ዛሬስ ምን አሉ?» የሚለው ጥያቄ ከቤታችን ጠፋ። አክስቴ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች።

ለእኔ ግን ነግራኛለች። ሥራ ስትገባ ምትኬ እግሯን ሙሉ አብቅላ ጠበቀቻት፣ አራቱም ጣቶቿ በቦታቸው። ዶክተሯ ተደስታ፣ «አዩልኝ እትዬ፣ ምንም አልጎደላትም!» አለቻት። ቀጥላም ለሚቀጥለው ሙከራ ምትኬን ከገንዳው እንድታወጣላት ጠየቀቻት፤ ያው እግር እንደገና ሊቆረጥ። አክስቴ እጇን ገንዳው ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

«እንግዶች ሲመጡ ለሰው አይሆንም ብለው ይንገሯቸው» አለቻት። «መጀመሪያ እሱን ይበሉ።»

ዶክተሯ ግራ ገባት። «እላለሁ እኮ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እላለሁ። በሰው ላይ ግን ትልቅ ቁስል ክፍት መተው ይገድላል፣ መሰፋት አለበት፣ የእኛ ሥራ ምናልባት ለልጅ ልጆቻችን ነው የሚደርሰው እላለሁ። ያን ቀንም ብያለሁ። እርስዎም ነበሩ እኮ።»

«ባልዲው ሞልቶ ነበር» አለች አክስቴ። «ልደፋ ወጣሁ።»

ይህን ለሚሊ እንድትነግረው አልመከርኳትም፣ አትንገሪውም አላልኳት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ እሷ መሬት ቁጭ ብላ ክር ትለቅምልኛለች። ሚሊ ከመስኮቱ ሳይዞር፣ «ምትኬስ?» አለ። «አበቀለች?»

«አበቀለች።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። እንደገና ቆረጧት።»

ሚሊ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ሁሉንም ነገረችው፤ የዶክተሯን የመጨረሻ ቃል፣ ባልዲውን፣ መውጣቷን። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢጮህም ይሻል ነበር።

«እሷ ያንን ስትናገር አንቺ የት ደርሰሽ ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«በሩ ጋ። ድምጿ ይሰማኝ ነበር፣ ቃሉን ግን ልብ አላልኩትም። ልወጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«ምን ያህል?»

አክስቴ እንደለመደችው ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ይቺን ታ...» አለች፤ ዓይኗ የተሰፋው እጅጌ ላይ አረፈ። አንደኛውን እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ሚሊ አሁንም መልሱን እየጠበቀ ነበር።