እንግዳ ይቅደም

ሽማግሌ ከመላኬ በፊት የፍቅረኛዬን አባት ሆድ ማወቅ ፈለግሁ። እኔ ከደብረ ብርሃን መቐለ የመጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ። ዓይደር ወዳለው ቤታቸው ይዛኝ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ።

«አቦይ ጦርነት እንግጠም ማለቱ አይቀርም። ሆን ብለህ እንዳትሸነፍለት፤ ካወቀብህ አለቀልህ።»

ጦርነቱ የሚካሄደው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰውየው ጣውላ ላይ ተራራና ሸለቆ ሠርተዋል። ወታደሮቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ የቢራዎቹ የእሳቸው፣ የለስላሳዎቹ የእኔ። በየዙሩ ሁለታችንም ካርታ እንስባለን፤ ትልቅ ቁጥር የደረሰው ቀድሞ ወይ ይራመዳል ወይ ይተኩሳል። መተኮስ ማለት ጠጠር በጣት ማስፈንጠር ነው።

«የሞተ ጣሳ ውስጥ ይገባል» አሉኝ። «እሑድ ደግሞ ይነሣል። ይኼኛውን ጦርነት የምወደው ለዚህ ነው።»

ስለ ሌላኛው ጦርነት እዚህ ከተማ ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም።

ስንፋለም ቆይተን የሁለታችንም ጦር በአንዲት ጠባብ የተራራ በር ወዲህና ወዲያ አደፈጠ። የሚተኮስበት ስለማይታይ ተራው የደረሰው መራመድ አለበት፤ ቀድሞ ብቅ ያለ ደግሞ ያልቅለታል። ካርታ ሳብን፤ እኔም ዘጠኝ፣ እሳቸውም ዘጠኝ።

«እኩል ሲወጣ ደንቡ ምን ይላል?»

«ታላቅ ይቀድማል» ብለው በሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «እሱ ግን ለጎረቤት ነው። እንግዳ ካለ እንግዳ ይቀድማል። በል መምህር፣ ቅደም።»

«ኧረ ነውር ነው! እርስዎ እያሉ?»

«በጃኻ ቅደም!»

«በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

ብድግ አሉ፤ እኔም ብድግ አልኩ። ሰርግ ቤት በር ላይ «ግባ፣ ይግቡ» እንደሚባባሉ ሰዎች ሆንን፤ ልዩነቱ የእኛ በር ማዶ ጥይት መኖሩ ነው። ትሕትናዬ ይህን ያህል ጨካኝ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሳቸውም እንግዳ አክባሪነታቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ላብ ላብ አላቸው።

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። «የጥሕሎው ወጥ ቀዘቀዘ እኮ! ምን ሆናችሁ?»

ሁለታችንም እየተሻማን ነገርናት። እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ፈረደች። «ቀላል ነው፣ አቦይ። እንግዳ ነው ካልክ እሱ ይቀድማል። ቤተሰብ ነው ካልክ ታላቁ አንተ ነህ።»

ሰውየው ቆርኪዎቻቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቆርኪዎቻቸውን አዩ። እውነቱን ለመናገር ከልጃቸው ይልቅ ለቆርኪዎቹ የሳሱ መሰለኝ። በመጨረሻ ተቀመጡና ከፊት የነበረውን የቢራ ቆርኪ በአንድ ጣት ገፍተው ከበሩ አወጡት።

ተራው የእኔ ሆነ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። በምን አንጀቴ ልምታቸው?

«ምን ትጠብቃለህ፣ ወደይ?» ብለው ቱግ አሉ። «በቤተሰብ መካከል ይሉኝታ የለም። ተኩስ!»

እስከዚያች ደቂቃ «መምህር» ነበርኩ፤ አሁን በትግርኛ «ልጄ» አሉኝ። ተኮስኩ።