የመዳብ አምባር

ዛሬ ቀፊራ ገበያ ለአንቴና የሚሆን ሽቦ ስመርጥ ሻጩ ጫፉን በቢላ ፋቀልኝና፣ «አቦ እመኚኝ፣ ንጹህ መዳብ ነው!» አለኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ላብ የነካው ሳንቲም የሚመስለው ሽታ መጋላ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን አው አብዱላሂ ሬዲዮ የሚያዳምጡት ከጣሪያቸው እስከ ኒሙ ዛፍ በተዘረጋ የመዳብ ሽቦ ነበር። ሽቦ መምረጥ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ማግኔት ከያዘው ተዪው ልጄ፤ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ብረት ነው። ሰውም እንዲህ ያለ አለ» ይሉኝ ነበር።

የአረፋ ሰሞን አምባር አማረኝ። እሳቸው ለሶላት ሲሄዱ ዛፉ ላይ ወጥቼ ከሽቦው ሁለት ክንድ ለአምባሬ ቆረጥኩና በምትኩ የአጥር ሽቦ ቀጠልኩበት። ዝናቡ ሲመጣ ቅጥያው ዛገ፤ ሬዲዮውም ይንኮሻኮሽ ጀመር። አው አብዱላሂ ግን ሽቦውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ብዙ ቀን ታገሉ።

በመጨረሻ ጠሩኝ። «ጆሮዬ አርጅቷል መሰለኝ፤ ሁሉም ይንኮሻኮሽብኛል። ያንቺ ጆሮ ገና ነው፣ ውሰጂው» ብለው ሬዲዮውን ዘረጉልኝ። በግራ እጄ ያጠለቅኩትን አምባር በእጅጌዬ ሸፍኜ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ሻጩ «ስንት ሜትር ልቁረጥልሽ?» ሲለኝ፣ የግራ እጅጌዬን ወደ ታች እየጎተትኩ ነበር።